የበርሜሉን እጭ በስልክ ማየት፦ ከሌዘር ሌንስ የሚሰራ ማይክሮስኮፕ

ድሬዳዋ ላይ ውሃ የማያጠራቅም ቤት ማግኘት ይከብዳል። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ በርሜሉ ውስጥ የሚውረገረግ የቢንቢ እጭ አይጠፋም። የየትኛዋ ቢንቢ እንደሆነ ለማወቅ ጭራውን አጉልቶ ማየት ይበቃል። ለዚህ ደግሞ ስልክና የቁልፍ መያዣ ሌዘር በቂ ነው። ስልክ ላይ የሚቆነጠጠውን ማክሮ ሌንስ አትግዙ። ለአበባ ፎቶ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አይደርስም።

ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ርካሹን ሌዘር ግዙ። ባትሪውን መጀመሪያ አውጡ፤ ጨረሩ ዓይን ከነካ ቀልድ የለውም። ጫፉን ስትፈቱት ከምስር ብዙም የማትበልጥ የፕላስቲክ ሌንስ ትወጣለች። በሙጫ የተጣበቀች ከሆነች በጠመንጃ መፍቻ አትፈልፍሏት፣ ትጫጫራለች። ሌላ ሌዘር ይሻላል። ሌንሷን በፀጉር ፒን መሃል አስይዙና ፒኑን በፕላስተር ስልኩ ካሜራ ላይ ለጥፉ። ምስሉ ዳር ዳሩ ከደበዘዘ ሌንሷን ገልብጧት።

ማስቀመጫውን ራሳችሁም ሆነ የሰፈር አናጢ ይሰራዋል። ጣውላ ላይ ሶስት ብሎን ይቆማል። አናታቸው ላይ ስልኩ የሚተኛበት፣ ለካሜራው የተበሳ ፕላስቲክ ይታሰራል። ከሱ በታች፣ ዳዶዎች ላይ የተቀመጠ ሌላ ግልጽ ፕላስቲክ ናሙናውን ይሸከማል።

አሁን ዋናው ፈተና መጣ፤ ፎከስ። ሌንሷ አጥርታ የምታየው ጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ጥርት የሚለው ንብርብርም እጅግ ስስ ነው። በእጅ ይዞ መሞከር ድካም ብቻ ነው። ዳዶ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። 8 ቁጥር ብሎን ላይ አንድ ሙሉ ዙር ፕላስቲኩን 1.25 ሚሊሜትር ያነሳዋል፤ 6 ቁጥሩ ላይ 1 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ሻጩ ምንም ቢላችሁ 6 ቁጥር ውሰዱ፣ ዳዶውንም በሩብ ዙር እያላችሁ አዙሩ።

ስልኩም የራሱ አመል አለው። ሁለት ሶስት ካሜራ ያላቸው ስልኮች ነገሩ ሲቀርባቸው በራሳቸው ወደ ሌላ ካሜራ ይዘላሉ፣ ይሄንን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። ስክሪኑን ተጭናችሁ በመያዝ ፎከሱን ቆልፉ። ለማንሳት ታይመር ተጠቀሙ፤ ጣት ስልኩን ሲነካ ሁሉም ይናወጣል። ፋኑንም አጥፉ! በድሬ ሙቀት ከባድ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ዲጂታል ዙም ደግሞ ያው ምስል እንዲተልቅ ያደርጋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም።

መብራቱ ከስር ይሁን። የሌላ ስልክ ባትሪ አብሩና ላዩ ላይ ነጭ ወረቀት ጣል አድርጉ፤ ያለ ወረቀት መሃሉ ነጭ ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ በቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ፎከሱን አስተካክሉ። ጠብታ ውሃ እዚህ ቶሎ ይደርቃል፣ እጩ ከመጣ በኋላ ጊዜ የለም። ከዚያ እጩን በስትሮ አንሱና ትርፉን ውሃ በሶፍት ጥግ ምጠጡት፤ ውሃው ሲያንስ መዋኘቱን ያቆማል።

ጭራው ጋ ረጅም የመተንፈሻ ቱቦ ካለ ኩሌክስ ናት። ቱቦው አጭርና ወፍራም ከሆነ ዴንጊ የምታስተላልፈው ኤዴስ ልትሆን ትችላለች። ቱቦ ጭራሽ ከሌለው ወባ አስተላላፊዋ አኖፊለስ ናት፤ በርሜሉ ውስጥም ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ተኝታ ታገኟታላችሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ዝርያ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። በ2022 ድሬዳዋን ከመታው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ስሟ ተያይዟል። የምትወደው ደግሞ ይሄንኑ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ከሌሎቹ አኖፊለሶች ለይቶ ማወቅ ግን የባለሙያ ስራ ነው።

በዚህ መሳሪያ ደም አይታችሁ “ወባ የለብኝም” እንዳትሉ። ላቦራቶሪው ደሙን በጊምሳ ቀለም ቀብቶ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ፣ 1000 ጊዜ አጉልቶ ነው የሚያየው።

እጭ ካገኛችሁ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። የበርሜሉን ግድግዳ በብሩሽ ፈትጉ፤ የኤዴስ እንቁላል ተጣብቆ ለወራት ሳይሞት በደረቁ ይቆያል። ክዳን ከሌለ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ በላስቲክ እሰሩበት።