ፓይተንና አርን ያስታረቅሁበት መንገድ

ደሴ ቁጭ ብዬ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የኮምቦልቻንና የሐይቅን አካባቢ የዝናብ መረጃ የማጸዳው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ የበልጉን ስሌት የምሠራው ግን አር በሚባለው ሌላ ቋንቋ፤ ወሎ ላይ በልግ ሲቀር ምን እንደሚከተል ስለማውቅ ቁጥሩ እንዲሳሳት ፈጽሞ አልፈልግም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አር ላይ ሁለት ሰንጠረዦችን በዝናብ መለኪያ ጣቢያው መለያ ሳገናኝ ውጤቱ ባዶ ይመጣል። የስህተት መልእክት እንኳ የለም።

መጀመሪያ ፓይተኑን ጠረጠርኩ። ኮዱን መስመር በመስመር አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ መሀል ላይ፣ መረጃውን ከፓይተን ወደ አር በማሻግርበት የሲኤስቪ ፋይል ላይ ነበር። ሲኤስቪ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የዓምዱን ዓይነት ይዞ አይሄድም፤ አር ውስጥ ፋይሉን የሚከፍተው «ሪድ ሲኤስቪ» (read.csv) ደግሞ «007» የሚል መለያ ሲያገኝ ቁጥር ነው ብሎ 7 ያደርገዋል፣ ሌላው ሰንጠረዥ ላይ ግን 007 እንዳለ ነው፣ እንዴት ይገናኙ?

ሲኤስቪውን ተውኩት። ከፓንዳስ (የፓይተን የሰንጠረዥ መሣሪያ ነው) የዓምዱን ዓይነት አብሮ በሚይዘው በፓርኬት ፎርማት አስቀመጥኩ፣ አር ላይ ፓርኬት በሚያነበው በአሮው ፓኬጅ ከፈትኩት። ጽሑፉ ጽሑፍ፣ ቀኑም ቀን ሆኖ መጣ። ሲኤስቪ የግድ ከሆነባችሁ ስትከፍቱት የመለያውን ዓምድ «ካራክተር» (ጽሑፍ) ብላችሁ ራሳችሁ ንገሩት። አሁን ሁሉም ጣቢያ ከነዝናቡ ገጥሟል፣ ዛሬ ማታ የበልጉን ስሌት እንደገና አስኬዳለሁ።