የልብ ምት ሲዛባ፤ የስፔሻሊስት ቀጠሮ እስኪደርስ ምን ይደረግ?

በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ፣ የቤተሰብ ሐኪሙ ለልብ ስፔሻሊስት ሪፈር ከጻፈልዎ በኋላ ቀጠሮው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል። በብዙ አገር ተራው የሚወሰነው የሕመሙ ክብደት ታይቶ ነው። ስለዚህ ከባሰብዎ ቀኑን ዝም ብለው አይጠብቁ። ወደ ሐኪምዎ ደውለው «ብሶብኛል፣ ቀጠሮዬ ይቅረብልኝ» ይበሉ። ማስቸገር አይምሰልዎ፤ ካልነገሯቸው አያውቁም።

ከልብ ምት መዛባት ዓይነቶች በብዛት የሚታየው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተር ትተው ይርገበገባሉ፣ ምቱም ወጣ ገባ ይላል። ድካም፣ ትንፋሽ ማጠርና ማዞር ያስከትላል፤ ምንም የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ። ዋናው ስጋት ልብ ውስጥ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ማምጣቱ ነው። ሐኪሙ ስፔሻሊስቱን ሳይጠብቅ የደም ማቅጠኛ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለው አይዝለሉት። ምቱን በኤሌክትሪክ ለማስተካከል ከታሰበም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 3 ሳምንት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት፤ አንድ ቀን መዝለል ቀጠሮውን ሊያስተላልፈው ይችላል።

ብዙዎችን የሚያበሳጨው ነገር ደግሞ ልብ ሐኪም ፊት ሲደርስ አደብ ገዝቶ መምታቱና ኢሲጂው (የልብ ምት መመዝገቢያ ምርመራው) ንጹሕ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ማስረጃውን እርስዎ ይያዙ። ሲጀምርዎ ቁጭ ይበሉ፤ ሁለት ጣትዎን ከአውራ ጣት በታች አንጓዎ ላይ አድርገው ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ። የተዛባ ምት በ15 ሰከንድ ተቆጥሮ ሲባዛ ያሳስታል። አዋቂ ሰው ሲያርፍ የተለመደው ከ60 እስከ 100 ነው። ከዚያ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ቁጭ ብዬ ሳለ ጀመረ። 40 ደቂቃ ቆየ። ምቱ 130፣ ወጣ ገባ። አዞረኝ፣ ግን አልወደቅሁም።» ሰዓቱን በሚኖሩበት አገር አቆጣጠር ይጻፉ፤ የእኛ የምሽት 3 ሰዓት እዚያ 9 ነው። የመድኃኒት ሰዓት ላይም ይኸው ስህተት እንዳይፈጠር ይጠንቀቁ።

ምቱ ሲረበሽ ካዞርዎ ጋደም ይበሉ፣ በዝግታ ይተንፍሱ፣ መኪና አይንዱ። አልኮል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩሳትና የውሃ ጥም ይቀሰቅሱታል። ቡና የሚቀሰቅስበትም የማይቀሰቅስበትም ሰው አለ፤ ማስታወሻዎ ይነግርዎታል። የሚያንኮራፉና በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቋረጥብዎ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። የጉንፋን መድኃኒት ሲገዙ የልብ ሕመም እንዳለብዎ ለፋርማሲስቱ ይናገሩ፤ ሱዶኤፌድሪን ያለበት ልብን ያፈጥናል። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን ደግሞ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ ለመድማት ያጋልጣል።

አንድ ነገር አደራ፦ በልጅነትዎ የልብ ቫልቭ ችግር አለብዎ ተብለው ከነበረ፣ ወይም በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጉ ከነበረ፣ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ይህ ሩማቲክ የሚባለው የልብ ቫልቭ ሕመም በብዙ የበለጸጉ አገሮች እየተረሳ ስለሆነ ሐኪሙ ላያስበው ይችላል፤ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ በጣም ከጠበበ ግን የደም ማቅጠኛው ምርጫ ይለወጣል። ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎን ለዚህ አይጠቀሙበት፤ ለልጅ ከባድ ነው፣ እርስዎም በፊቱ የሚደብቁት አይጠፋም።

የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ከባድ የትንፋሽ እጥረት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን ክንድ መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በብሪታንያ 999፣ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በአውስትራሊያ 000 ይደውሉ። አድራሻዎንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በአገሩ ቋንቋ ጽፈው ቤተሰቡ ሁሉ የሚያየው ቦታ ይለጥፉ።