በዓሉ ካለፈ በኋላ ጃፓን ለሚደርስ ሰው

የሰሜን ጃፓን ትልልቅ በዓላት ኦገስት መጀመሪያ ላይ ተደራርበው ነው የሚመጡት። በውስጣቸው መብራት ያለባቸው ግዙፍ የወረቀት ምስሎች መንገድ ላይ የሚገፉበት የአኦሞሪው ኔቡታ ከ2 እስከ 7፣ የአኪታው ካንቶ ከ3 እስከ 6። በዚያ ሳምንት ሆቴል ማግኘት ጭንቅ ነው፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ደግነቱ ሁለቱም ከተሞች በዓላቸውን ዓመቱን ሙሉ የሚያሳዩበት ሙዚየም አላቸው። እኔ እንዲያውም ለጀማሪ ሙዚየሙ ይሻላል ባይ ነኝ፤ መንገድ ላይ አንገታችሁን አስግጋችሁ በሰው ትከሻ መሀል የምታዩትን ነገር እዚህ ቀርባችሁ ትነኩታላችሁ፣ ከቀናችሁም ትሸከሙታላችሁ። ብቻ ቀኑንና ሰዓቱን ዝም ብላችሁ አትምረጡ። ትርዒት በሌለበት ሰዓት የገባ ሰው ዕቃ ተደርድሮ አይቶ ይወጣል፣ በቃ። ስለዚህ ከትኬቱ ዋጋ በፊት ፕሮግራሙን እዩ።

አኪታ ላይ የምትፈልጉት ሙዚየም ኔቡሪ ናጋሺ ካን ይባላል። ከባቡር ጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ቅዳሜ፣ እሁድና ሕዝባዊ በዓል በሚሆንባቸው ቀናት ከሰዓት በኋላ ካንቶ የሚያነሱት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ያሳያሉ። ማክሰኞ ብትሄዱ ይቀርባችኋል። ካንቶ ፋኖስ የተደረደረበት ረጅም የቀርከሃ ምሰሶ ነው፣ የሩዝ ዛላ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ። ትልቁ 12 ሜትር ይረዝማል፣ 50 ኪሎ ይመዝናል፣ 46 ፋኖስ ይሸከማል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በመዳፉ ያቆመዋል፣ ከዚያ ወደ ግንባሩ፣ ወደ ትከሻው፣ ወደ ወገቡ ያዛውረዋል። በወገብ ሲሆን ሰውየው እግሩን ከፍቶ ወደ ጎን ይጣመምና ሁለቱንም እጁን ይለቀዋል፤ ይሄኔ ከስር ሌላ ቀርከሃ እየቀጠሉ ያስረዝሙታል፣ ምሰሶው እንደ ቀስት ይጎብጣል።

ማን ይሞክራል ሲባል ሼም አይያዛችሁ፣ እጅ አውጡ። ለልጆች የሚሆነው 5 ሜትርና 5 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ማንንም አይገድልም። እጃችሁን አትመልከቱ፤ ዓይናችሁ ጫፉ ላይ ይሁን፣ ምሰሶው ወዳዘነበለበት በእግራችሁ ተከተሉት። ተረከዝ ያለው ጫማ አታድርጉ። ሌላው ሰው ሲያነሳ ደግሞ አብራችሁ «ዶኮይሾ! ዶኮይሾ!» በሉ፣ ዝም ብሎ መቆም ያስነውራል።

አኦሞሪ ሌላ ነገር ነው። ሙዚየሙ ዋ ራሴ ይባላል፣ 2011 የተከፈተ፣ ከአኦሞሪ ጣቢያ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ማለት ይቻላል። ውስጡ ያሉት ኔቡታዎች፣ ማለትም ግዙፎቹ የወረቀት ምስሎች፣ ለጎብኚ ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ በዓሉ ላይ መንገድ ለመንገድ የተገፉት ራሳቸው ናቸው። ትልቁ እስከ 9 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ቁመት አለው። ዙሩ፣ ከዚያ ቀርባችሁ አንዱን ፊት እዩ። የሽቦው አጥንት በወረቀቱ ስር ይታያል። ጥቁሩ መስመር ቀለም ብቻ ነው፤ ከጎኑ ግን ሰም ተቀብቷል፣ ቀለሞቹ እንዳይደባለቁና የውስጡ መብራት ጥርት ብሎ እንዲያልፍ። ሰሙ የነካው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ያበራል፣ አንዴ ካያችሁት በኋላ ሁሉም ቦታ ላይ ትለዩታላችሁ።

ትኬት ስትቆርጡ ከበሮው ስንት ሰዓት እንደሚመታ ጠይቁ። ከበሮና ዋሽንቱ ሲጀምር ሃኔቶ የሚባሉት ጨፋሪዎች አዘላለል ይመጣል፤ ቀላል ነው፣ በቀኝ እግር ሁለቴ እንጣጥ፣ በግራ ሁለቴ፣ እያሉ «ራሴራ!» መጮህ። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ባታችሁ ይነግራችኋል። እዚህ የለመደ ሰው ኦገስት ላይ ቢመለስ የሃኔቶ ሙሉ ልብስ ተከራይቶ ሰልፉ ውስጥ መግባት ይችላል፣ ምዝገባ የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዓሉ እንዳለቀ ኦገስት 9 እና 10 ሙዚየሙ ዝግ ነው።

ሦስተኛ ቦታም አለ፣ ኦጋ ይባላል፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። ናማሃጌ የሚባለው የኦጋ ሥርዓት ትክክለኛው ቀኑ ዲሴምበር 31 ማታ ነው፤ የሚያስፈራ ጭምብል ያጠለቁና ገለባ የለበሱ ሰዎች የሰው ቤት ገብተው «የሚያለቅስ ልጅ አለ?» እያሉ ያገሳሉ። ዩኔስኮም 2018 ላይ ከመሰል የጃፓን ሥርዓቶች ጋር መዝግቦታል። ሺንዛን በሚባለው ሰፈር ከጭምብል ሙዚየሙ ጎን አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት አለ፣ እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣችሁ ሥርዓቱን ታያላችሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው መጥቶ ይግቡ ወይ ብሎ ያስፈቅዳል። ከዚያ በሩ ይደበደባል። ናማሃጌዎቹ ሲገቡ ሰባት ጊዜ መሬት ይረግጣሉ፣ ማዕድ ከመቅረባቸው በፊት አምስት፣ ሲነሱ ሦስት። ቁጠሩ፣ አይዛነፍም። የቤቱ አባወራ ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ እየቀዳ ያባብላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ መዝገብ አውጥተው ልጁ አላጠናም፣ ሰነፈ እያሉ ይከሳሉ። ንግግሩ ድፍን ያለ የአካባቢው ዘዬ ነው፣ ባይገባችሁ አትጨነቁ፣ ድርድር በየትኛውም ቋንቋ ያስታውቃል።

ፊት አትቀመጡ ትንሽ ልጅ ከያዛችሁ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ልጆች ይጮኻሉ። ከልብሳቸው የሚረግፈው ገለባ ገድ አለው ይባላል፤ ጎትታችሁ አትንቀሉ፣ የወደቀውን አንሱ።

ወደ ኦጋ ከአኪታ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አስቸጋሪው ከኦጋ ጣቢያ እስከ ሺንዛን ያለው መንገድ ነው፣ ትራንስፖርት እንደልብ አይገኝም፤ ከዋዜማው መኪና አስይዙ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ የትርዒት ቀናቱ ስለሚቀንሱ መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ።