ቢም ሲሰነጠቅ፦ ከማስለሰናችሁ በፊት አቅጣጫውን እዩ

ድሬዳዋ ውስጥ ቢም (ወለል ወይም ጣሪያ የሚሸከም አግዳሚ አርማታ) ተሰነጠቀ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ለሳኝ ነው። ይህ ያስፈራኛል። ልስን ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ ሸክም አይችልም።

መሃል ላይ፣ ከታች በኩል ቀጥ ያለ ስንጥቅ
አርማታ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ይሰነጠቃል። ቢም ሲጫን ደግሞ ሆዱ ይለጠጣል፤ እዚያ የሚይዘው ፌሮው፣ አርማታው ውስጥ ያለው ብረት ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያስደነግጥም። ጂፕሰም ለጥፉበትና ቀን ጻፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ እየሰፋ ነው፤ መሐንዲስ ጥሩ።

ኮለኑ (ቋሚ ምሰሶው) አጠገብ ሰያፍ ስንጥቅ
ይሄኛው ቀጠሮ አይሰጥም። ብዙውን ጊዜ ስታፋው፣ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት ብረት፣ ተራርቆ ታስሯል፣ ወይም ያልታሰበ ፎቅ ተጨምሯል። ሰው ከስር ይውጣ። ቢሙን ባለሙያ በፑንቴሎ (በጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ) ያስደግፍ፤ ከዚያ መሐንዲስ ያስላ።

ቡናማ እድፍ፣ የሚረግፍ ልስን
ሳቢያን ሰፈር አንድ እናት፣ «ልጄ፣ በየዓመቱ አስለስናለሁ፣ በየዓመቱ ይረግፋል» አሉኝ። በመዶሻ ነካ ሳደርገው መዳፍ የሚያክል አርማታ ወረደ። ፌሮው እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ከላይ ሮቶው ለዓመታት ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። መጀመሪያ ሮቶውን አስጠገንን። የላላውን አርማታ እስከ ፌሮው ጀርባ ድረስ አስፈነቀልን፣ ብረቱን በሽቦ ብሩሽ አጸዳን፣ ፀረ ዝገት ቀባን፣ ከዚያ በጥገና ሞርታር ሞላን። ፌሮው ከሳስቶ ቢሆን ኖሮ አዲስ ብረት ይጨመር ነበር፤ ስንት እንደሚጨመር የሚወስነው መሐንዲስ ነው።

በረንዳው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት፣ ከላይ ስንጥቅ
የተንጠለጠለ በረንዳ የሚለጠጠው ከላይ ነው። ዋናው ፌሮም ከላይ መሆን አለበት። አርማታ በሚሞላበት ቀን ሠራተኛ ረግጦ ካወረደው፣ ብረቱ አለ፣ ሥራው ግን የለም። ከስር አስደግፉ፣ በርሜልና የአበባ ማሰሮ አውርዱ፣ ማንም አይውጣበት። አዲስ የምታሠሩ ደግሞ በሙሌት ቀን እዚያው ቁሙ፤ የወረደውን ፌሮ አስነሱ።

ካሳፎርማ (የአርማታው ቅርጽ ማውጫ ጣውላ) ሲፈታ የሚጎብጥ ቢም
የድሬ ፀሐይ የአርማታውን ውሃ ቶሎ ይወስድበታል፤ በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። በጆንያ ሸፍናችሁ ቢያንስ 7 ቀን አጠጡ። ፑንቴሎው ኪራይ ቢቆጥርም መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይነሳ።

ሐረር ጁገል ውስጥ የእንጨት ተሸካሚ
ጠላቱ ምስጥና እርጥበት ነው። ግድግዳው ውስጥ የገባውን ጫፍ በቢላ ወጋ አድርጉት። ዘው ካለ በስብሷል። ጣሪያው የሚያፈስበትን ድፈኑ፣ ከዚያ እንጨቱን ተኩ።