አዲስ መኪና ስትገዙ ዲለሩ የሚጨምርባችሁ ነገር ያዋጣል ወይ?

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ልትገዙ ዲለር (መኪና ሻጭ ድርጅት) ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የመኪናውን መስኮት እዩ። ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ተለጥፎበታል። አንደኛው የፋብሪካው ነው። በ1958 የወጣ የፌዴራል ሕግ አዲስ መኪና ሁሉ ይህ ወረቀት እንዲለጠፍበት ያስገድዳል፤ ሕጉን ባመጡት የኦክላሆማ ሴናተር ስም ሞንሮኒ ስቲከር ይባላል። ፋብሪካው ያወጣው ዋጋ፣ የገጠመለት ዕቃና የማጓጓዣ ክፍያው እዚያ ላይ አለ።

ሁለተኛው ዲለሩ ራሱ ያተመው ነው። መልኩ ከመጀመሪያው ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው የማይነካ ዋጋ ይመስለዋል። ጎማ ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅን፣ የቀለም መከላከያ፣ መስታወት ላይ የተቀረጸ ቁጥር፣ ጎማ እንዳይሰረቅ የሚያደርግ ቁልፍ፣ ምንጣፍ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ዕቃ የሌለው «የገበያ ማስተካከያ» የሚባል ጭማሪ። ታች ሲደመር ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። እዚህኛው ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ ለድርድር ክፍት ነው።

ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ዲለሩ ባያነሳው ኖሮ እኔ ራሴ ፈልጌ እገዛው ነበር? ሌላ ቦታስ ስንት ነው? የመጀመሪያው መልስ «አይ» ከሆነ ሁለተኛው ጋ መድረስ አያስፈልግም።

«በወር ሃምሳ ዶላር ብቻ ነው» የሚለውን ደግሞ እንዳትሰሙ። 3,000 ዶላር በ7 ከመቶ ወለድ ለ72 ወር ብድሩ ውስጥ ሲገባ በወር 51 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ሲያልቅ ግን የከፈላችሁት ወደ 3,680 ዶላር ነው። ለምንጣፍና ለጎማ አየር ስድስት ዓመት ሙሉ ወለድ መክፈል ማለት ነው። ሁልጊዜ የጠቅላላውን ዋጋ ጠይቁ እንጂ የወሩን አትጠይቁ።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ናይትሮጅን ይቅርባችሁ። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 ከመቶ ናይትሮጅን ነው፣ የጎማችሁን ግፊት በወር አንዴ ካያችሁ ይበቃል። መስታወት ላይ የሚቀረጸው የሻሲ ቁጥር በትንሽ ዋጋ ራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ነገር ነው። የወንበር ጨርቅ መከላከያ በጠርሙስ ይሸጣል። የዝገት መከላከያም እንዲሁ አያስፈልግም፤ የዛሬ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ዝገትን እንዲቋቋም ተደርጎ ነው፣ ለዝገት የራሱ ዋስትናም አለው። ምንጣፍና ቲንት (መስታወት የሚያጠቁር ላስቲክ) የሚጠቅም ነገር ነው፣ ግን ውጭ ዋጋ ጠይቁና አወዳድሩ። ቲንት ላይ የየስቴቱ ሕግ ስለሚለያይ ያን አጣሩ። ሴራሚክ የሚባለውን የቀለም ሽፋን የምትወዱ ካላችሁ ሥራው ይሄ ብቻ የሆነ ባለሙያ ጋ ውሰዱት፤ ዲለሩ ግቢ ውስጥ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀባው አታውቁም።

ቁም ነገሩ ያለው ጋፕና የተራዘመ ዋስትና ላይ ነው፤ እነዚህ አንዳንዱን ሰው በእውነት ያድናሉ።

ጋፕ ማለት መኪናው ከጥቅም ውጪ ሲሆን ወይም ሲሰረቅ ኢንሹራንስ በሚከፍለውና ለባንክ ባለባችሁ ዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን ነው። ዕዳችሁ 30,000 ሆኖ ኢንሹራንሱ መኪናውን 25,000 ቢገምተው፣ ጋፕ ከሌላችሁ የማትነዱት መኪና የ5,000 ዶላር ዕዳ ይተርፋችኋል። ቅድመ ክፍያ ሳትከፍሉ የገዛችሁ ወይም የድሮውን መኪና ዕዳ አዲሱ ላይ የደረባችሁ ከሆነ ግዙት። ሃያ ከመቶ ያህል ቅድሚያ ከፍላችሁ ከሆነ ግን ብዙም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ለመኪና ኢንሹራንሳችሁና ለክሬዲት ዩኒየናችሁ (አባላቱ ባለቤት የሆኑበት የቁጠባና ብድር ተቋም) ደውሉ፤ ብዙ ጊዜ ከዲለሩ በጣም ይረክሳል።

የተራዘመ ዋስትና ማለት የፋብሪካው ዋስትና ሲያልቅ የጥገና ወጪ የሚሸፍን፣ በገንዘብ የሚገዛ ውል ነው። መጀመሪያ ግን የፋብሪካውን እወቁ። ቶዮታና ሆንዳ ለአጠቃላይ መኪናው 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይሰጣሉ። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሃይብሪድ ባትሪውን ለ10 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል። ሀዩንዳይና ኪያ ደግሞ ለመጀመሪያው ባለቤት የሞተርና የካምቢዮ ዋስትናቸው 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። ስለዚህ «ዛሬ ካልገዛችሁ ያመልጣችኋል» ሲሏችሁ አትደንግጡ። የፋብሪካው ዋስትና እስኪያልቅ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ መግዛት ይቻላል፣ ያንኑ የፋብሪካ ውል ሌላ ዲለር በርካሽ ሊሸጥላችሁም ይችላል።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ሙሉ ጊዜውን የሚነዳ ሰው 36,000 ማይል በአንድ ዓመት ሊጨርስ ስለሚችል የተራዘመ ዋስትና ያጓጓል። ነገር ግን ብዙ የተራዘመ ዋስትና ውሎች፣ አንዳንድ የጋፕ ውሎችም ጭምር፣ መኪናው ለንግድ ሥራ ከዋለ አይከፍሉም። ካምቢዮው ሲበላሽ ወረቀቱን አውጥተው «የማይሸፈን» የሚለውን ገጽ ያሳዩዋችኋል። ሻጩ በአፉ «ችግር የለውም» ቢላችሁ አይበቃም። ውሉን ተቀብላችሁ የማይሸፈነው የተዘረዘረበትን ክፍል ራሳችሁ አንብቡ፤ ሰው መጫን ይፈቀዳል የሚል ጽሑፍ ካላገኛችሁ አትፈርሙ። ለራይድሼር (እንደ ኡበርና ሊፍት ላለ ሥራ) ተብሎ የተዘጋጀ ውል ካለ እሱን ጠይቁ።

ድርድሩን ቤታችሁ ሆናችሁ ጨርሱት። ለሦስት አራት ዲለር እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ይሄን መኪና ታክሱን፣ ታርጋውን፣ የሰነድ ክፍያውንና የጨመራችሁበትን ሁሉ ደምራችሁ የመጨረሻ ዋጋውን በጽሑፍ ላኩልኝ»። አውት ዘ ዶር የሚባለው ዋጋ ይሄ ነው። የሰነድ ክፍያው፣ ማለትም ዲለሩ ለወረቀት ሥራ የሚያስከፍለው፣ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ ዲለር ከ85 ዶላር በላይ እንዳያስከፍል ገደብ አለ፣ ቨርጂኒያ ግን ገደብ የላትም። ስለዚህ አንዱን መስመር ከአንዱ መስመር ሳይሆን ድምሩን ከድምሩ ጋር አወዳድሩ። «ተገጥሟል፣ አይወጣም» ካሏችሁ «እሺ ይሁን፣ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያን ያህል ቀንሱልኝ» በሉ።

በዋጋ ተስማምታችሁም አላበቃም። ፋይናንስ ቢሮ ትገባላችሁ፤ እዚያ ያለው ከሻጩ የተለየ ሰው ነው፣ ሥራውም ጋፕና ዋስትና መሸጥ ነው። ሻጩ ሐበሻ ሆኖ ሲያስተናግዳችሁ ከዋለ ደግሞ ይሉኝታ ይይዛል። ለእሱ ብላችሁ አትፈርሙ። ከክሬዲት ዩኒየን ብድር አስቀድማችሁ አስፈቅዳችሁ ሂዱ፣ ምክንያቱም «ባንኩ ይሄን ካልገዛችሁ አያበድርም» የሚል ነገር ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ባንኩ የጻፈውን አሳዩኝ በሉ። በእውነት ግዴታ ከሆነ ክፍያው የብድሩ ወጪ ውስጥ ተቆጥሮ ኤፒአሩ (የብድሩን ዓመታዊ ወጪ በመቶኛ የሚያሳየው ቁጥር) ላይ መታየት አለበት። ከመፈረማችሁ በፊት ብድሩ የተዘረዘረበትን ወረቀት መስመር በመስመር እዩ፤ ያልተስማማችሁበት ካለ አስወጡ፣ ካላወጡት ተነሱ። አዲስ መኪናን በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለውን ወሬ አትመኑ፣ ዲለር ቤት የተገዛ መኪና ላይ የፌዴራሉ የሦስት ቀን ሕግ አይሠራም።

ከፈረማችሁ በኋላ ከቆጫችሁ ግን ጋፕና የተራዘመ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ይሰረዛሉ። ውላችሁ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚል እዩ፤ በመጀመሪያው 30 ቀን ውስጥ ሙሉ ገንዘብ የሚመልሱ ብዙ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ጊዜ ተሰልቶ ይመለሳል። መኪናውን ብትሸጡት ወይም ዕዳውን ቀድማችሁ ብትጨርሱም ያልተጠቀማችሁበትን ጠይቁ። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡና ቅጂውን ያዙ። ብድር ካለባችሁ ገንዘቡ ለእናንተ ሳይሆን ለአበዳሪው ነው የሚገባው፤ የወሩ ክፍያ አይቀንስም፣ ዕዳው ግን ቶሎ ያልቃል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለአበዳሪው ደውላችሁ መግባቱን አረጋግጡ፣ ካልገባ ቅጂውን ይዛችሁ ዲለሩ ጋ ተመለሱ።