ልጁ አስፋልት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ባሕር ዳር ሳይክል እጠግናለሁ። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ልጅ ሁሉ መንዳት ቶሎ ይለምዳል። ጎማ ሊያስነፉ የሚመጡ ወላጆችም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «አሁን አስፋልት ላይ ልልቀቀው?»

ዕድሜውን እጠይቃለሁ፤ በእሱ ብቻ ግን አልፈርድም። ትንሽ ልጅ መኪናው ሩቅ መሆኑን ያያል፤ በምን ፍጥነት እየመጣ እንደሆነ መገመት ግን ይከብደዋል። በጀርመን ሕግ ልጆች እስከ 10 ዓመታቸው በእግረኛ መንገድ መንዳት ይፈቀድላቸዋል። እኔም ከ10 በታች ከሆነ «ገና ነው» እላለሁ።

ከዚያ ሳይክሉን አያለሁ። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የእግሩ ጣቶች መሬት ካልነኩ ሳይክሉ የታላቅ ወንድሙ ነው። ሁለቱም ፍሬን መያዝ አለበት። በጫማው ጎማ እየረገጠ የሚያቆም ልጅ ስንት አለ መሰላችሁ!

አሁን መኪና የማይገባበት ሜዳ ውሰዱት። ከኋላው ሆናችሁ ጣት አንሱና ጥሩት። እየነዳ በግራ ትከሻው ዞር ብሎ ስንት እንደሆነ ይንገራችሁ። ሲዞር መሪውም አብሮ ከዞረ፣ አስፋልት ላይ ቢሆን መኪና ውስጥ ገብቶ ነበር። በአንድ እጅ መንዳትና ግራ እጅ ዘርግቶ ማሳየትም ይልመድ።

ይህን ያለፈ ልጅ የባጃጅ ፈተና ይቀረዋል። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይህን ነው። ባጃጅ ቀድሟችሁ ያልፋል፣ ተሳፋሪ ያያል፣ ወዲያው ወደ ቀኝ ታጥፎ ፊታችሁ ቀጥ ይላል። ሚኒባስም «ወራጅ አለ» ሲባል ያው ነው። ስለዚህ ከልጁ ጋር በእግር መንገድ ዳር ቁሙ። «ያ ባጃጅ ምን ሊያደርግ ነው?» በሉት። ዳር ላይ እጁን ያነሳውን ሰው አይቶ «ሊቆም ነው» ካለ ገብቶታል። ከቆመ በኋላ «ቆመ» የሚል ይቆይ። የቆመ መኪና ውስጥ ሰው መኖሩንም ያስተውል፤ በሩ ድንገት ሊከፈት ስለሚችል አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይለፍ።

የመጀመሪያው ቀን እሁድ ጠዋት ይሁን። ሄልሜቱ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል እንጂ ወደ ማጅራቱ አይንሸራተት። እሱ ከፊት፣ እናንተ ከኋላ ትንሽ ወደ ግራ ወጣ ብላችሁ ንዱ። አደባባይ ሲደርስ ወርዶ እየገፋ ይሻገር። ይህን ለ12 ዓመት ልጅም እላለሁ፤ ቢያኮርፉኝ ግድ የለኝም።

ብቻውን ጎበዝ የሆነውን ልጅ ደግሞ ከጓደኛው ጋር እዩት። እሽቅድድም ከጀመሩ ሁለቱንም ወደ ሜዳው መልሷቸው።