ወንዙን በሚያዝያ ለኩት

የምኖረው አቃቂ ነው። ከሰፈራችን ወረድ ሲባል አባ ሳሙኤል አለ፤ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ፣ 6.6 ሜጋዋት። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በትናንሾቹ ማመንጫዎች ነው። "ጋሼ፣ አገር ቤት ወንዝ አለን፤ መብራት ይወጣዋል?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት በሚያዝያ ለኩት እላለሁ።

በነሐሴ አብዛኛው ወንዝ ይሞላል። በወጣትነቴ ክረምት ላይ በተለካ ቁጥር ተማምኜ ተርባይን፣ ውሃ የሚያሽከረክረውን ማሽን፣ ተከልኩ። መጋቢት ሲገባ ውሃው ቧንቧውን መሙላት አቃተው። ሰው ወደ ኩራዙ ሲመለስ ማየቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አለካኩ አይከብድም። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት 10 ሜትር ምረጡ። ስፋቱን ለኩ። ጥልቀቱን አምስት ቦታ ላይ በእንጨት ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ከዚያ ግማሽ ድረስ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ከላይ ልቀቁና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ሦስቴ ድገሙት። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.3 ሜትር ቢሆን፣ ሃይላንዱም በ25 ሰከንድ ቢደርስ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። የላዩ ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.8 አባዙት። ያንን በስፋቱና በጥልቀቱ፣ ወደ ሊትር ለመቀየር ደግሞ በ1,000 አባዙ፤ በሰከንድ 192 ሊትር ይመጣል። ግማሹን ተዉለት፤ ከታች ከብቱን የሚያጠጣ፣ ጎመን የሚያለማ አለ።

ቀጥሎ ውሃው እስከ ተርባይኑ የሚወርድበት ከፍታ። በውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ እየለካችሁ ቁልቁለቱን ውረዱ። ሊትሩን በሜትሩ፣ ከዚያ በ5 ስታባዙ ዋቱን ታገኛላችሁ፤ በመንገድ የሚባክነው ታስቦበታል። 96 ሊትር ከ8 ሜትር ቢወርድ 3,840 ዋት ነው። ለብዙ ቤት አምፖልና ለስልክ ቻርጅ ይበቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። ይህን ለሰፈሩ ሰው ቀድማችሁ ንገሩ።

ግድቡ ትልቅ መሆን የለበትም። ውሃውን ወደ ቦይ የሚመልስ ዝቅ ያለ ክትር ይበቃል። የሚያሰጋው ደለሉ ነው። አባ ሳሙኤል ሄዳችሁ ሐይቁን እዩት፤ ከከተማው የወረደው ደለልና ቆሻሻ፣ በላዩም እምቦጩ። ስለዚህ ከቧንቧው በፊት ደለል የሚቀርበት ገንዳ ሥሩ፤ ከግርጌው መክፈቻ ይኑረው። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ክፈቱና እጠቡት። መግቢያው ላይ የብረት ወንፊት አድርጉ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን የሚጠርገውን ሰውም ከወዲሁ ምረጡ፤ ደመወዙንም ቁረጡለት።